የመካከለኛዋ ድምፅ

ወሬ ማብዛት አልወድም። የማይታመን ነገር የሚያወራ ሰው ደግሞ ይበልጥ አልወድም። ስለዚህ ይህን ነገር ከቤተሰቤ ውጭ ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ። አሁን የምጽፈው ልጄ ስላደገች ነው። ከሰው አፍ ቆራርጣ ከምትሰማው ከእኔ ሙሉውን ብታነበው ይሻላል። እናንተም አንብባችሁ የመሰላችሁን አስቡ። እኔ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

ሦስት እህትማማቾች ነን። ታላቃችን አስካለ፣ መካከለኛዋ እኔ፣ ታናሻችን ብርቄ። ቦንጋ ተወልደን እዚያው አደግን። አባታችን ወልዴ ግንበኛ ነበር። ቤታችን ጠባብ ስለነበረች ሦስታችንም አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። አስካለ ዜማ ስታወጣ እኔ ከሥሯ እገባለሁ፣ ብርቄ ከላይ ትመጣለች። ሦስት ድምፅ ሆኖ አንድ ዜማ ይሆናል። ማንም አላስተማረንም።

ያኔ በእኛ አካባቢ ሬዲዮ ነግሦ ነበር። በስልክ ቪዲዮ ማየት ገና አልተለመደም። ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮ፣ ፀጉር ቤት ሬዲዮ፣ ቡና ከሚያሰጣው ሰው አጠገብ ሬዲዮ ነበር። የእሁድ ከሰዓት ፕሮግራም አዘጋጅ የነበሩት ጋሽ ተፈራ አንድ ሠርግ ላይ ሰምተውን ጠሩን። ለአንድ እሁድ ብለን ገብተን ዓመታት ቆየን። በበዓል መዝሙር እንዘምራለን፣ በሌላው እሁድ የአገር ዘፈን እንዘፍናለን። ከቦንጋ ወጣ ብለን ዋጫ ከተማ ለቅሶ ሄደን እንኳ ድምፃችንን ሰምተው «እናንተ የሬዲዮዎቹ ልጆች አይደላችሁም?» የሚሉን ነበሩ። ገበያው ዳር ሱቅ የነበራቸው ሐጂ ኑሩ «በእናንተ ሰዓት ደንበኛ ዋጋ አይከራከረኝም፤ ትንሽ ረዘም አድርጉት» ይሉን ነበር።

አዘፋፈናችን አንድ ሕግ ነበረው። ሦስታችን አንድ ላይ አንተነፍስም። አንዷ ስትተነፍስ ሁለቱ ይሸከሙላታል። ዜማው እንዳይቋረጥ ነው። ስለዚህ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንቆማለን፣ እኔ በመካከል። ትንፋሽ ያጠራት የሌላዋን እጅ ጨበጥ ታደርጋለች። «ያዢልኝ» ማለት ነው። ጋሽ ተፈራ መጀመሪያ በፍቅር ብዛት የምንያያዝ መስሏቸው ነበር።

አየለን አግብቼ ከቢታ ገነት ወዲያ ወዳለው መንደሩ ስሄድ ጋሽ ተፈራ በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ እናስገባ ብለው ነበር አሉ። አስካለ ቁጡ ናት።

«ወንበሯን ከፈለጉ ይውሰዱት፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ቦታዋን ግን አይነኩም።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ የእኔን ድምፅ ክፍት ትተው መዝፈን ጀመሩ። እኔ ብቻዬን የምወጣበት ስንኝ ሲደርስ ዝም ይላሉ፤ ጊዜው ሲያልፍ ይቀጥላሉ። አድማጩ ግራ ገባው። ሬዲዮዬ ድምፅ ይውጣል ብሎ ወደ ጠጋኝ የወሰደ ሰው ነበር። እኔ ግን መንደሬ ሆኜ ሥራዬን እየሠራሁ ክፍቱን እሞላው ነበር። አማቴ እማማ ዘነበች ይስቁብኛል። አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ስለሆነ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ይላሉ።

«ሬዲዮ ታግዛለህ እንዴ?» ይሉኛል።

«እህቶቼን ነው የማግዘው፣ እማማ።»

«እነሱ አይሰሙህም።»

«አይሰሙኝም» እላለሁ። እንደዚያ ነበር የማስበው።

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ወሩ ሊገባ ሲል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ አየችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ቢታ ገነት ጤና ጣቢያ፣ የእናቶች ማቆያ ገብቼ እንድጠብቅ ተስማማን። ልብሴንም አዘጋጅቼ ነበር።

ያ እሁድ ቀደመ።

ከጠዋቱ ጀምሮ ዝናብ ነበር። ከቀትር በፊት ዝናቡ አባርቶ ጉም ወረደ። የእኛን ጉም ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ከሰማይ የሚመጣ አይመስልም፣ ከጫካው ሥር የሚወጣ ነው የሚመስለው። የጓሮው እንሰት መጀመሪያ ግማሹ፣ ከዚያ ሁሉም ጠፋ። ከአልጋዬ ስነሣ እግሬ ሞቀኝ። ደም ነበር። ምጥ የለም፣ ሕመም የለም። ደም ብቻ።

አየለ ስልኩን ይዞ ወደ ጉብታው ሮጠ። ከመንደራችን ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ተመልሶ መጣና ራሱን ነቀነቀ።

«ጭራሽ የለም። ቢታ ገነት በእግሬ እሄዳለሁ» አለ።

እናቱ በካፊኖኖ የሆነ ነገር አሉት። ወንዙን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ጋቢውን ጥሎብኝ ወጣ። ከደጃፉ ሁለት ጊዜ ሳይራመድ ጉሙ ዋጠው።

ጎረቤቶቻችን ከወንዙ ማዶ ለቅሶ ሄደው ነበር። ቤት ውስጥ እኔና እማማ ዘነበች ቀረን።

ጨርቅ ለወጡልኝ። ሌላም ለወጡ። ፊታቸውን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም። እጃቸው ግን ይፈጥን ነበር። እኔ ደስ የሚል ድካም ይዞኝ ነበር። መፍራት ሲገባኝ እንቅልፌ መጣ። አሁን ሳስበው እሱ ነው የሚያስፈራኝ፤ ሞት እንደዚያ የዋህ መስሎ መምጣቱ።

«አትተኛ» አሉኝ። ጉንጬን መታ አደረጉኝ። «ዓይን ክፈት።»

«ትንሽ ብቻ፣ እማማ።»

«ትንሽ የለም። እንደዚህ ብላ የተኛች አይቻለሁ።»

ቀጥሎ ምን እንደሆነች አልጠየቅኳቸውም።

ከምድጃው ዳር ሲያሞቁት የቆዩትን የባትሪ ድንጋይ አንሥተው ሬዲዮው ውስጥ ከተቱ። እህቶቼ ለሠርጌ የሰጡኝ ትንሽ ሬዲዮ ነው፤ ከአልጋዬ ራስጌ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

«እህቶችህ ይመጣሉ አሁን» አሉኝ። «ስማ። እነሱ ሳይጨርሱ አትተኛ።»

የጋሽ ተፈራ ድምፅ መጣ፤ የክትባት ማስታወቂያ አነበቡ፤ ከዚያ እንደ ሁልጊዜው «የወልዴ ልጆች» ብለው እህቶቼን አስገቡ። አስካለ ጀመረች። ራሳችን ያወጣነው ዘፈን ነበር። ጉሙን «ተነሥና አገሬን ልያት» የሚል። የመጀመሪያውን ቤት ጨረሱ። የእኔ ክፍት ደረሰ። ልሞላው አፌን ከፈትኩ፤ አቅም አጣሁ።

እዚያው ላይ ጣቢያው ጠፋ። ሬዲዮው ሹ… አለ።

እማማ ዘነበች ሬዲዮውን መቱት፣ ነቀነቁት፣ አዞሩት። ሹታው ብቻ ነው። ተስፋ ቆርጠው ወደ እኔ ሲመለሱ ዓይኔ ተከድኖ ነበር። ሲጠሩኝ እሰማለሁ፤ ግን ከሩቅ ነው፣ ከሌላ ሰው ቤት ነው።

ከዚያ ከሹታው ውስጥ እህቶቼ መጡ።

ማንም አላስተዋወቃቸውም። ቀስ ብለው ነው የመጡት፣ ከዳገት በታች እየዘፈኑ እንደሚወጡ ሰዎች። ያንኑ ዘፈን ነው። ሲቀርቡ ድምፁ ከግድግዳው መምጣቱ ቀረ። አስካለ በቀኜ፣ ብርቄ በግራዬ ሆኑ። ስቱዲዮ እንደምንቆመው። ዓይኔን ልገልጥ ፈለግኩ፤ እምቢ አለኝ።

የእኔ ስንኝ ደረሰ። ዝም አሉ።

ዝምታው ልማዱ ይታወቀኛል፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ያን ቀን ግን አላለፉትም። ጠበቁ። ጠበቁኝ። የቤቱ ጣራ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል፤ እነሱ ዝም እንዳሉ ናቸው። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመሩ። እንደገና እዚያው ደረሱ፣ እንደገና ዝም።

ተናደድኩ። እውነቴን ነው። አስካለ በልጅነታችን ቃል ስስት እንደዚህ ነበር የምታደርገኝ። «እንደገና» ብላ ታስጀምረኝ ነበር። እንድትተወኝ ብዬ አፌን ከፍቼ ስንኜን አወጣሁ። የወጣው ድምፅ የድምፅ ጥላ ነበር። ግን ቀጠሉ። ዘፈኑ አለፈ።

ሁለተኛው ቤት መጣ። ሦስተኛው መጣ። ዘፈናችን ሦስት ቤት ብቻ ነው። እነሱ ግን አላበቁም። አራተኛ ቤት ገቡ። ያላወጣነው፣ ያልተለማመድነው ነበር። ቃሉን ዛሬ ብትጠይቁኝ አንዱንም አላስታውስም። ያኔ ግን የእኔ ስንኝ ሲደርስ አውቀው ነበር።

ትንፋሽ ሲያጥረኝ በልማዴ ሁለቱንም እጆቼን ጨበጥኩ። የጨበጥኩት የአልጋውን ልብስ ነው፤ ደም ነክቶታል። ወዲያው ያዙልኝ። ሲያዝልሽ ይታወቃል። ዜማው ሳይወድቅ ከሥርሽ ይቆማል። አረፍኩና ገባሁ። እንደገና ጨበጥኩ፣ አረፍኩ፣ ገባሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። መሐል ላይ ራሴን የሳትኩበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስመለስ ግን ዘፈኑ አልተቋረጠም ነበር።

አንድ ጊዜ ዓይኔ ተገለጠ። በሩ ክፍት ነው፤ ጉሙ እስከ ምድጃው ገብቷል። እማማ ዘነበች ጨርቁን እንደያዙ ቆመዋል። የሚያዩት እኔን አልነበረም፣ ሬዲዮውንም አልነበረም። በሩን ነበር።

ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የሰው ጫጫታ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት አጎንብሶ ክንዴን ሲፈልግ፣ ሰዎች ቃሬዛ ሲያገቡ። ሬዲዮው ሹ ይል ነበር።

«ባሌ መጣ?» አልኩ።

«ባልሽን አላየነውም፣ እህቴ» አለ ወጣቱ።

«ታዲያ ማን ነገራችሁ?»

«ከቦንጋ ተደወለልን። አንዲት ሴት ናት። እህቴ እየደማች ነው ብላ የመንደሩን ስም ነገረችን። በታችኛው መንገድ ወንዙ ሞልቷል፤ በላይኛው ዞረን ነው የመጣን። አሁን አታውሪ።»

ስንመለስ አየለን ሁለቱ መንገዶች ከሚለያዩበት፣ ከወንዙ ዳር አገኙት። ሊሻገር ሁለት ጊዜ ገብቶ ውኃው መልሶታል። አምቡላንሱን ሲያይ እኔ እንዳለሁበት አላወቀም፤ ለእኔ እንዲሄድ ሊለምን ነበር መንገዱ ላይ የተዘረጋው።

ቦንጋ ሆስፒታል አድርሰው በቀዶ ጥገና አዋለዱኝ። የእንግዴ ልጁ ከፊት ቀድሞ የማሕፀኔን በር ዘግቶ ስለነበረ ነው አሉኝ ኋላ፤ ትንሽ ቢዘገይ ሁለታችንም አንተርፍም ነበር። ሴት ልጅ ተሰጠችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ቃል ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ከብዶኝ አያውቅም።

ጠዋት ስነቃ አስካለ በቀኜ፣ ብርቄ በግራዬ ተቀምጠዋል። ልጄ አስካለ እቅፍ ላይ ናት።

«እግዜር ይስጣችሁ» አልኳቸው። «ሳይደክማችሁ ቆያችሁልኝ።»

«ገና መግባታችን ነው፤ ሌሊቱን ውጭ ነበርን» አለች ብርቄ።

«አሁን አይደለም። ትናንት። ዘፈኑን ሳታቆሙ ነው የምልሽ። ያን አራተኛ ቤት ከየት አመጣችሁት?»

ተያዩ። ብርቄ ልትስቅ ብላ ተወችው።

«ምን አራተኛ ቤት?» አለች አስካለ። «አንድ ቤት ብቻ ነው የዘፈንነው። መብራት ጠፋ።»

«ጄኔሬተሩስ?»

«ናፍጣ አልነበረውም። ጣቢያው እስከ ማታ አልተመለሰም።»

አስካለ ልጄን ለብርቄ ሰጥታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔም የምነግርሽ አለኝ» አለች። «ስቱዲዮውን ታውቂዋለሽ፤ መስኮቱ በስፖንጅ የተደፈነ ነው። መብራት ሲጠፋ የገዛ እጅሽ አይታይሽም። ቆመን ቀረን። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እጅ አንያያዝም፤ ቦታሽ መካከላችን ክፍት ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ግራ እጄ ተጨበጠ።»

«የኔ መስሏታል» አለች ብርቄ።

«የሷ መስሎኝ 'ምን ሆንሽ?' አልኳት። ከበሩ ጋ ነው የመለሰችልኝ። ሻማ ልትፈልግ ሄዳ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ከመሄዴ በፊት ቀኝ እጄ ተጨብጦ ነበር» አለች ብርቄ። «አስካለ ፈርታ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አስካለ መቼ ፈርታ ታውቃለች?»

«ምን ዓይነት አጨባበጥ ነበር?» አልኩ።

«የታወቀው ነዋ። ያዢልኝ የሚለው» አለች አስካለ። «ደጋግሞ፣ ደጋግሞ። እጁ ቀዝቃዛ ነው። እርጥብም ነው። በጨለማ ምን እንዳረጠበው አላየሁም። ስወጣ መዳፌን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ፤ ቀሚሴ ላይ ምንም የለም። ግን ያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር። ጋሽ ተፈራን ቢታ ገነት ጤና ጣቢያ ይደውሉልኝ አልኳቸው። የጤና ማስታወቂያ ስለሚያነቡ የሁሉም ወረዳ ስልክ አላቸው።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«'ምን ሆነች ልበላቸው፣ ልጄ?' አሉኝ። ስልኩን ተቀብዬ ራሴ ተናገርኩ። ማፈር እንኳ አልመጣብኝም።»

ነርሷ መጥታ ወሬ ይብቃ አለችን። እኛም አበቃን። ሦስታችን ስለዚያ ቀን ደግመን ብዙ አልተናገርንም።

ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ? እህቶቼ ሬዲዮ ላይ ሌላ ጥቂት ጊዜ ቆዩ። ጋሽ ተፈራ ጡረታ ወጡ፤ ሰውም ወደ ስልኩ ዞረ። አስካለ አሁን የልብስ ስፌት አላት፣ ብርቄ ዋጫ ታስተምራለች። በበዓል ስንገናኝ እንዘምራለን። ሌላ ሕይወት የለንም፤ ተራ ሰዎች ነን። እኔ ግን ጸሎቴ ተለውጧል። ድሮ ስጸልይ ለማን እንደምናገር አውቃለሁ፣ ማን ይሰማኛል ብዬ ግን ልቤ ይሰንፍ ነበር። አሁን አይሰንፍም። ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ከሰው ርቀሽ የምትኖሪ ከሆነ፣ ድምፅሽ ከቤትሽ ጣራ አያልፍም ብለሽ አትፍረጂ። የት እንደሚደርስ አታውቂም። እኔም አላውቅም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል።

ባለፈው ክረምት እማማ ዘነበች ከልጄ ጋር ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ልጄ የተወለደችበትን ቀን ጠየቀቻቸው። እኔ ከጓዳ ነበርኩ።

«ዘፈኑት» አሉ እማማ። «አራት ሆነው ዘፈኑት።»

«ሦስት ናቸው እንጂ፣ እማማ» አለች ልጄ። «እናቴ፣ አስካለ፣ ብርቄ።»

«ሦስቱን አውቃለሁ። ስንት ዓመት በሬዲዮ ሰማሁ። አራት ነበሩ።»

«አራተኛዋ የት ነበረች?»

«በሩ ላይ።»

«ሴት ናት ወንድ?»

«ጉም ነበር። አላየሁም። እናትህ ስትደክም የእናትህን ይይዛል። እናትህ ስትነቃ ይተውላታል። ሰዎቹ ሲመጡ ሄደ።»

«ለምን እስከዛሬ አልተናገሩም?»

«ልጅ ነበርክ» አሉ እማማ። «ፈርተህ እንዳታድግ።»

ልጄ ባቄላውን ትታ ወደ ጓዳ መጣች። ፊቴን አየችው። ማን እንደነበር የመሰለኝ አለ። እንደኔ ያደጋችሁ እናንተም የሚመስላችሁ ይኖራል። ስም ግን አልሰጠውም፤ ስሙን አልነገረኝምና።

አሁን እሁድ ከሰዓት ጉም ሲወርድ በሩን አልዘጋም። ልጄ «እማ፣ ቤቱ በረደ፣ ጉሙ እስከ አልጋው ገባ» ብላ ትቆጣለች።

«ይግባ» እላታለሁ።